በነፋጇ ያለፈው ገመድ

ከመፋዛ ወደ ገዳሪፍ ሃፍላ በሚሉት አውቶቡስ ስንመጣ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት አጠገቧ ያለውን ወጣት አየት አድርጋ ሳቀች።

«አንተ! የባሌ ፎቶዎች ያሉበትን የኮምፒውተር ሳጥን የገጠምክልን ልጅ አይደለህም?»

«እትዬ! ይሠራል?»

«ይሠራል ወይ ይለኛል! ጎረቤቴ ሃጃ ስትመርቅህ ነው የምትውል። የሟች ልጇ የሰርግ ፎቶ ያለው እዚያ ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው፤ ባሌ ነፍሱን ይማረውና እሱ ነበር ያነሣው። እግሯ ከታመመ ወዲህ እኛ ቤት መጥታ ማየት አቅቷት ነበር።»

«አሁን ከቤቷ ታያለቻ!»

«አልጋዋ ላይ ሆና፣ በስልኳ። ግን የሷ ኔት ሌላ፣ የኛ ሌላ፤ እንዴት ሆነልህ?»

«ሳጥኑ ሁለት የገመድ ቀዳዳ አለው። አንዱን ከእናንተ ኔት፣ አንዱን ከሷ አገናኘሁት። ኔቶቹ አይቀላቀሉም፤ ፎቶው ግን ለሁለታችሁም ይታያል።»

«እንደ ነፋጃችን በለኛ! ከሷ ግቢ ወደኛ ግቢ የምታሳልፈው ትንሿ በር እያለች ግድግዳ ልብሳ ብለህ!»

«መሰርሰሪያዬን ቀምተውኝ የለ!»

«ደግ አደረግሁ። በነፋጇ ያሳለፍከውን ገመድ እንዳትቆርጠው ብለን በሯን በድንጋይ ደግፈናታል፤ ከዚያ ወዲህ ተዘግታ አታውቅም። ትናንት ሃጃ በዚያው ተጣራች፤ ‹ልጄን ነይ እይልኝ› አለችኝ። ሄድኩ። ፎቶው ላይ ከሙሽራው ጀርባ መስታወት አለ።»

«እሺ?»

«መስታወቱ ውስጥ ባሌ ካሜራውን እንደያዘ ቆሟል። እስከ ትናንት አስተውዬው አላውቅም ነበር፣ ልጄ። እግዜር ይስጥህ።»

ረዳቱ ተሳፋሪ ሊጣራ አፉን ሲከፍት፣ ወሬዋን እንዳያቋርጥባት እጁን ቀስ ብዬ ያዝኩት።