የእድሩን ድንኳን የመለሰው የሌቦች አለቃ

በጃንሆይ ዘመን ነው። ወደ ኮልፌ በምትሄድ ታክሲ ውስጥ አንድ ብዕርና ወረቀት የያዘ ወጣት አጠገቡ ለተቀመጡ አሮጊት ሥራውን ያጫውታቸዋል፤ እኔ ከኋላቸው ተቀምጬ እሰማለሁ።

«ኢንሳይክሎፒዲያ ነው እማማ፤ ስለ ሁሉም ነገር የሚናገር መጽሐፍ። እኔ የደረሰኝ ያ የታሰረው፣ የሰፈራችሁ የሌቦች አለቃ ነው።»

«ምን ብለህ ልትጀምር ነው?»

«የሚስብ ነገር ይፈለጋል። ‹ነፍሰ ገዳዩ› ብዬ ጽፌያለሁ፤ ሁሉም ያነበዋል።»

«ዳኛው እንኳ ያላለውን?»

«ሰው ይላላ!»

«ወሬማ እኛም አለን። አንተ መጽሐፍ አይደል የምትጽፈው?»

«እሺ፣ እርስዎ ይንገሩኝ።»

«ከነግብረ አበሮቹ የእድራችንን ድንኳን ሰርቆ ነበር። ጎረቤት የሞተ ዕለት ግን ማለዳ ስንወጣ ሐዘንተኛው ደጅ ተተክሎ አገኘነው።»

«በስማም! በቃ፣ በዚህ ነው የምጀምረው። ‹ለሐዘንተኛ የሚራራው ሌባ!›»

«ቀስ በል ልጄ። መስረቁንም አብረህ ጻፈው፤ የተዘረፉት ሰዎች እኮ ያነቡታል።»

«እርስዎንም ዘርፎዎታል?»

«እኔንማ ምን ብሎ ይዘርፈኛል? እናቱ ነኝ።»



«ይቅርታ እማማ።»

«ምንም አይደል። ገዳይ የሚለውን ብቻ ሰርዝልኝ።»

«ይኸው ሰረዝኩት፤ ይዩት።»

«ማንበብ አልችልም የኔ ልጅ። አምኜሃለሁ።»

እኔ ልጄን ማየት አሰኝቶኝ ፌርማታዬን አሳልፌ፣ የሚማርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ወረድኩ።