እኔም አልድንም?

ከአያ ሰይድ ጋር ከቆቦ ወጣ ብሎ ባለው ማሳ ሽንኩርት አብረን እናለማለን። አንድ ሰኞ ጠዋት ውሃ ልንለቅ ስንል ዶማውን ተደግፎ ቆመና፣ «ትናንት ሰባኪያችሁ ከክርስቶስ በቀር መዳን የለም ሲል በድምፅ ማጉያው ቤቴ ድረስ ሰማሁት። እኔም አልድንም ማለት ነው?» አለኝ። ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ነው፤ የአባቴን መቃብር ከቆፈሩት አንዱ እሱ ነበር። «ኧረ ሁሉም ያው ነው» ብዬ ላድበሰብሰው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ግን መዋሸት አቃተኝ። «አዎ አያ ሰይድ፣ በእኔ እምነት እንደዚያ ነው» አልኩት።

ከእንግዲህ እንኳን ሽንኩርት ሰላምታም የለንም ብዬ ስጠብቅ፣ «አልሐምዱሊላህ!» ብሎ በረጅሙ ተነፈሰ። «እኔም ያንተን አለመዳን እንዴት አድርጌ ልንገርህ እያልኩ ስጨነቅ ስንት ዓመቴ! ወላሂ፣ አላህ ወደ እስልምና እንዲመራህ ዱዓ ሳላደርግልህ የዋልኩበት ቀን የለም።»

እኔም እያፈርኩ፣ ወደ ክርስትና እንዲመጣልኝ በየጸሎቴ ስሙን እንደማነሳ ነገርኩት።

«እንግዲህ የሁለታችንም ዱዓ እስካሁን አልደረሰም» አለኝ። «በል፣ እስኪደርስ ቦዩን ክፈት፤ ሽንኩርቱ ውሃ ጠምቶታል።»