ማዶ የሌለው ውሃ

ጋሼ ገብረጻድቃን ስልክ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ አያውቁበትም። የዛሬ አርባ ዓመት ገደማ ተከዜን በዋና ተሻግረው ሱዳን የገቡ፣ ሦስት ሰውም በየተራ በጀርባቸው አዝለው ያሻገሩ ሰው ናቸው። ይህን ሜልበርን ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል፤ የማያውቅ ካለም አጠገባቸው ተቀምጦ ስለማያውቅ ነው። በዚያ ቅዳሜ ዋይንድሃም ቬል ከሚባል ሰፈር ልጃቸው ቤት ምሳ በልተው ዲር ፓርክ ወዳለው ቤታቸው በባቡር ሲመለሱ፣ ጨዋታ ሄዳ ላላገኟት የልጅ ልጃቸው ለሀኒ ደውለው ስለ ዋና ሲመክሯት፣ ፉርጎው በሙሉ አብሮ ተመከረ።

«ስሚኝ የኔ እናት፣ የፊታችን ቅዳሜ የሐበሻ ማኅበራችን ወደ ውቅያኖሱ ሲሄድ ዋና የማስተምርሽ እኔ ነኝ። አረፋ እየደፈቀ የሚጮኸውን ቦታ ሽሺው። ጸጥ ያለ፣ ጠቆር ያለ ቦታ አለ፤ የምንገባው በዚያ ነው።»

አሥራ አራት ዓመት የሞላት ሀኒ «ኦኬ አባባ» ብላ ዘጋች። ሌላ ምን ትበል፤ አያቷ ያሉት ሁሉ ለእሷ እውነት ነው።

ፊት ለፊታቸው ቢጫ ሸሚዝና ቀይ ቁምጣ የለበሰች፣ ፀጉሯ ያልደረቀ፣ እግሯ ላይ አሸዋ ያለ ወጣት ተቀምጣለች። መጀመሪያ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች፣ ቀጥላ ጫማዋን አየች፣ በመጨረሻ ግን አላስቻላትም። ብድግ ብላ እጅ ነሣችና ሳትፈልግ ንግግራቸውን እንደሰማች ነግራ ይቅርታ ጠየቀች። ራሕዋ ትባላለች። ሜልበርን ክሬጊበርን ሰፈር ያደገች ነርስ ናት፤ በበጋ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ከጂሎንግ ከተማ ወዲያ ባለው የውቅያኖስ ዳርቻ ያለ ደመወዝ ላይፍ ጋርድ፣ ዋናተኞችን ከአደጋ የምትጠብቅ፣ ሆና ታገለግላለች። ማኅበሩ የሚሄደውም እሷ ወደምትጠብቀው ዳርቻ ነው።

«ጋሼ፣ ባልናገር ይሻለኝ ነበር፤ ግን ልጅ ናት» አለች። «ሰው የሚወስደው ያ ጸጥ ያለው ቦታ ነው።»

ጋሼ ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ተከዜን ታውቂዋለሽ?»

«በስም።»

«እንግዲያው ልንገርሽ። ወንዝ በሚጮኽበት ድንጋይ አለ፤ ድንጋይ ባለበት እግርም ራስም ይሰበራል። ዝም ያለው ውሃ ግን ለዋናተኛ ይመቻል። እኔ ዝም ባለው ተሻግሬ ነው ዛሬ ባቡር ላይ ካንቺ ጋር የምከራከረው።»

«የወንዙን በትክክል ነው የተናገሩት» አለች ራሕዋ። «ባሕር ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ማዕበል ውሃ ተሸክሞ ወደ ዳር ያመጣል አይደል? ያ ውሃ መመለሻ ይፈልጋል። አሸዋው ጎድጎድ ያለበትን ፈልጎ እንደ ቦይ በዚያ ይመለሳል። እዚያ ጥልቅ ስለሆነ ማዕበሉ አይሰበርም፣ አረፋም የለም፤ ላየው ሰው የተኛ ይመስላል። እዚህ አገር ሪፕ ይሉታል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ሲባል ሰምተው የለ? እሱ ነው።»

«ቢወስደኝም በክንዴ እመለሳለሁ።»

«ፊት ለፊት ገጥመውትማ አይመለሱም ጋሼ። እኔም አልመለስም፣ ለኦሎምፒክ የዋኘም አይመለስም። ወንዝ ማዶ አለው፤ ቢወስድዎም እየተንሸራተቱ ወዲያ ማዶ ይወጣሉ። የዚህ ማዶው ባሕሩን አቋርጠው የሚያገኙት የታዝማኒያ ደሴት ነው።»

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሐበሻ ሳል የመሰለ ሳቅ አመለጠው። ጋሼን የጎዳቸው ክርክሩ ሳይሆን ያ ሳቅ ነው። ሸሚዟን ከላይ እስከ ታች አዩና «ድንጋይም ውሃ ውስጥ ይኖራል፤ ዋና ግን አያውቅም» አሉ።

ራሕዋ አልተቀየመችም፤ ሳቀች እንጂ። ሌላው ቢቀር ይህችን ብቻ ይያዙልኝ ብላ ለመነቻቸው። ውሃው ከወሰዳቸው እንዳይታገሉት፣ በጀርባቸው ተንሳፍፈው እጃቸውን እንዲያነሡ፣ ስበቱ ሲላላ ደግሞ ወደ ጎን፣ አረፋው ወዳለበት እንዲዋኙ ነገረቻቸው። አረፋ ያለበት ውሃ የሚሄደው ወደ ዳር ነው አለች።

«እጄን ላንሣ?» አሉ ጋሼ። «ልጄ፣ እኔ ወታደር ‹እጅ ወደ ላይ› ሲለኝ ሮጬ ያመለጥኩ ሰው ነኝ። ለውሃ አላነሣም።»

ባቡሩ ዲር ፓርክ ደረሰ። ጋሼ ጨዋ ናቸውና ወላጆችሽን ያክብርልኝ ብለው መርቀዋት ወረዱ። በልባቸው ግን፣ ትናንት የተወለደች ልጅ ስለ ውሃ እኔን ልታስተምር፣ እያሉ ቤታቸው ገቡ።

ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ሰው አርባ ዓመት በአንድ ነገር ሲመሰገን ኖሮ፣ ያ ነገር እዚህ አይሠራም ሲሉት ዕድሜውን የቀሙት ይመስለዋል። የእኛ ደግሞ ይብሳል፤ ሽማግሌው ተሳስቻለሁ ቢል ነውር፣ ልጁ ተሳስተዋል ቢል ድፍረት ነው። በዚህ ነውርና በዚህ ድፍረት መካከል ስንት ሰው እንደተጎዳ የሚቆጥር የለም።

ቅዳሜ ደረሰና ሁለት አውቶቡስ ሙሉ ሰው ዳርቻው ላይ ወረደ። እስከ አምና ማኅበሩ የሚሄደው አልቶና ነበር፤ እዚያ ውሃው ርቀው ቢገቡም ከጉልበት ብዙ አያልፍም፣ ማዕበልም የለውም። ዘንድሮ ግን ወጣቶቹ ውቅያኖስ ካላየን ብለው አስቸገሩ። ራሕዋ ሁሉንም አሸዋው ላይ ሰብስባ ቀይና ቢጫ ባንዲራዎቹን አሳየቻቸው። በሁለቱ መካከል ብቻ እንዲዋኙ፣ ውሃ ውስጥ እጁን ያነሣ ሰው ካዩም ሊያወጡት ብለው እንዳይገቡ፣ ሮጠው እንዲጠሯት ነገረቻቸው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ታዴዎስ ይህን ሲሰሙ ከምንጣፋቸው ላለመነሣት ወሰኑ። ጋሼ ግን ራሕዋ ዛጎል የቆረጣትን የአንዲት ሴት እግር እያሰረች ሳለ፣ የሀኒን እጅ ይዘው ከባንዲራዎቹ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ራቁ።

የሚፈልጉትን ውሃ አገኙት። ግራና ቀኙ አረፋ፣ መሐሉ እንደ መንገድ የተኛና ጠቆር ያለ ነው። ሀኒን ዳር ላይ አቁመው፣ መጀመሪያ እኔ ልየው ብለው ገቡ። አሥር ጊዜ ያህል ክንዳቸውን ወርውረው ቀና ሲሉ ዳርቻው ከጠበቁት እጥፍ ርቋል። መጀመሪያ ደስ አላቸው፤ ጉልበቴ አልከዳኝም አሉ። ዞረው ወደ ዳር መዋኘት ሲጀምሩ ነው ነገሩ የገባቸው። ሃያ ጊዜ ወረወሩ፣ ሠላሳ ጊዜ ወረወሩ፤ ዳርቻው ይሸሻል። ደረታቸው ተቃጠለ፣ የጨው ውሃ ዋጡ። ያን ጊዜ ፈሩ፤ ተከዜ ላይ ያልፈሩትን ያህል ፈሩ።

ከዚያም የባሰውን አዩ። ሀኒ አያቷ እየተደሰቱ መስሏት፣ እስከ ወገቧ ገብታ እየተከተለቻቸው ነው። ተመለሺ ብለው ጮኹ፤ ያ ሁሉ ድምፅ የማዕበሉን ጩኸት አልፎ አልደረሰም።

እጃቸውን ቢያነሡ ተከዜን የተሻገረው ሰው አድኑኝ አለ ሊባል ነው፤ ማኅበሩ በሙሉ አሸዋው ላይ ተቀምጦ ያያል። ይህ ሐሳብ በዚያች ሰዓት እንኳ መጣባቸው። ክብር የሚሉት ነገር ሰውን ውሃ ውስጥም አይለቀውም። ሀኒ ግን አንድ እርምጃ ጨመረች። ጋሼ መታገሉን ተዉ፣ በጀርባቸው ተዘረጉ፣ ቀኝ እጃቸውንም እስከ ብብታቸው ወደ ሰማይ አወጡት።

ሀኒ ቆመች። አያቷን አየች፣ ከዚያ ዘወር ብላ ከውሃው ወጣችና ወደ ባንዲራዎቹ ሮጠች።

ልጅቷ አሸዋው ላይ ስትሮጥ ሲያዩ ልባቸው ረጋ። ውሃው እየወሰዳቸው እንጂ እያሰጠማቸው እንዳልሆነ ያስተዋሉት ያኔ ነው። ወሰደ፣ ወሰደና ማዕበሉ ከሚሰበርበት ወዲያ ሲደርሱ ስበቱ እየላላ መጣ። እንደተባሉት ወደ ዳር ሳይሆን ወደ ጎን፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ወደሸሹት አረፋ መዋኘት ጀመሩ። ራሕዋ በመንሳፈፊያ ቦርድ ላይ ሆና እየቀዘፈች ስትደርስ አረፋው ጥግ ደርሰው ነበር። ቦርዱን አስያዘቻቸው፤ ከኋላ የመጣው ማዕበልም ሁለቱንም አንሥቶ ወደ አሸዋው ገፋቸው።

ሀኒ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ጋሼም አለቀሱ፤ ሰው አየኝ አላሉም።

«ስሚኝ» አሏት፣ «ጥፋቱ የኔ ነው። ያዳንሽኝ የራሕዋን ምክር ስለሰማሽ ነው። የኔን ሰምተሽ ብትከተዪኝ ኖሮ ዛሬ ሁለታችንም የለንም።»

አንድ ሽማግሌ በልጅ ፊት እንዲህ ሲል ብዙዎቹ ሰምተው አያውቁም።

ራሕዋ ትንፋሻቸውንና የልብ ምታቸውን አዳምጣ፣ ለማንኛውም ሐኪም ይያቸው ብላ ብርድ ልብስ አለበሰቻቸው። ይሄኔ አቶ ታዴዎስ ከምንጣፋቸው ተነሥተው ፍርድ ሰጡ። ተከዜን የተሻገረውን ያሸነፈ ባሕር እኛንማ እንደ ገለባ ነው የሚወስደን አሉ። ከእንግዲህ የማኅበሩ ሽርሽር ፓርክ ነው፣ ልጆቻችንም ከባሕር ይራቁ ሲሉ ጨመሩ። ብዙ ሰው ራሱን በመስማማት ነቀነቀ፤ ራሕዋም የሠራችው ሁሉ ተገልብጦ ሲተረጎም እያየች ከንፈሯን ነከሰች።

መልስ የሰጡት በብርድ ልብስ የተጠቀለሉት ጋሼ ናቸው።

«ታዴዎስ፣ እኔን የወሰደኝ ባሕሩ አይደለም፤ አላውቅም ለማለት መኩራቴ ነው። ልጆቻችን የዚህ አገር ልጆች ናቸው። ብንከለክላቸው ከጓደኞቻቸው ጋር ይሄዳሉ። አውቀው ይሂዱ ወይስ ሳያውቁ?»

«ለምን ይሄዳሉ? መቅረት አለ አይደል።»

«መኪና ሰው ይገጫል ብለህ ልጅህን መንገድ አትሻገሪ አልካት? ግራና ቀኝ እዪ ነው ያልካት። የባሕሩም ግራና ቀኝ አለው፤ ይህች ልጅ ታውቀዋለች።»

«እሺ ልጆቹ ይማሩ። እኔ ስድሳ አልፌ በቁምጣ ዋና ልማር?»

«እኔስ የስንት ዓመት ጎረምሳ ነኝ? ቁምጣ አያሳፍርም ታዴዎስ። የሚያሳፍረው ልጅህ ውሃ ውስጥ እጇን ስታነሣ፣ አንተ ምን ማለቷ እንደሆነ ሳታውቅ ሰላም ያለችህ መስሎህ እጅህን ማውለብለብህ ነው።»

አቶ ታዴዎስ ዘወር አሉ። ሴት ልጃቸው አጠገባቸው ቆማ ነበርና አንድ ጊዜ አዩዋት፣ ከዚያ ለራሕዋ ትምህርቱ መቼ እንደሚጀመር ጠየቋት። ጋሼ ወረቀት ተቀብለው ከሁሉ በፊት የራሳቸውን ስም ጻፉ።

አራት ቅዳሜ በመዋኛ ገንዳ፣ ከዚያ ሁለት ቅዳሜ ባንዲራዎቹ መካከል ተማሩ። ጋሼ ተማሪ ሲሆኑ ለራሕዋ ቀላል ሰው አልነበሩም፤ በየደቂቃው ለምን ይላሉ። እሷም ሳትሰለች ትመልሳለች። ማዕበል ሲመጣ ጀርባ አይሰጡትም፤ ጎናቸውን ሰጥተው፣ እግራቸውን ፈርከክ አድርገው ይቆማሉ። ትንሹን ዘለል ይሉታል። ትልቁ ሊናድ ሲል ግን ትንፋሽ ስበው ከሥሩ ይጠልቃሉ፣ አሸዋውን በእጃቸው ይቆነጥጣሉ፣ በላያቸው እስኪያልፍ ይታገሣሉ። የመጀመሪያ ቀን ቀድመው ብቅ አሉና ማዕበሉ ራሳቸው ላይ ፈረሰ። አፍንጫቸው አሸዋ ሞልቶ ሲወጡ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸው ከሁሉ በላይ ሳቁ።

መጋቢት ሲገባ፣ ሙቀቱ ገና ሳያልቅ፣ ማኅበሩ እንደገና ወደ ውቅያኖሱ ወረደ። ጋሼ፣ ሀኒና ራሕዋ ጎን ለጎን ገቡ። አንደኛውን ማዕበል ዘለሉት። ሁለተኛው እንደ ግድግዳ ቆሞ መጣ፤ ጋሼ ትንፋሻቸውን ስበው ጠለቁ። ነጎድጓዱ በላያቸው ሲያልፍ ጣታቸው አሸዋው ውስጥ ነበር። በወዲያ በኩል ብቅ አሉ። ሦስተኛውም እንዲሁ አለፈ። ከዚያ ወዲያ ባሕሩ በዝግታ ብቻ ከፍ ዝቅ እያለ አሳረፋቸው። ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ እንደዚያ ቀን የተደሰቱበት ጊዜ ትዝ አይላቸውም።

«ዩ ዲድ ኢት አባባ» አለች ሀኒ።

«ዝም ብለሽ ባንዲራውን እያየሽ ዋኚ» አሏት፤ ፊታቸው ግን በሳቅ ተሞልቶ ነበር። ወደ ዳር ሲዞሩ አቶ ታዴዎስ በሰማያዊ ቁምጣ እስከ ደረታቸው ገብተው፣ ጎናቸውን ለማዕበሉ ሰጥተው፣ ልጃቸው እጃቸውን ይዛ ቆመዋል።

እንግዲህ የትምህርቱ ጥቅም ይህ ነው። አባት ከልጁ ጋር ውሃ ይገባል፤ እናት ልጇ ባሕር ሄደች ሲሏት ቀኑን ሙሉ ስትጨነቅ አትውልም፤ ከልጅ መማር ነውር መሆኑም ቀረ። በዚያ በጋ ከማኅበሩ ሠላሳ አንድ ሰው ማዕበል ማለፍ ተማረ፤ አሥራ ሁለቱ ከሃምሳ ዓመት በላይ ናቸው። ውሃ ወስዶ ያስቀረው ግን አንድም ሰው የለም።