የደሴው ፍላሽ ኮምቦልቻ ሲገባ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሚኒባስ፣ ከኋላዬ የተቀመጠ ተማሪ ፍላሹን እያገላበጠ ያማርራል።

«ፕሮግራሜ ደሴ ቤቴ ይሠራል፤ ኮምቦልቻ ግቢ ኮዱን ወደሚሠራ ፋይል ልቀይር ኮምፓይል ሳደርገው ግን እምቢ ይላል። ስምንት ሰዓት ላይ ላቀርብ ነው፣ ይኸው ሰባት አልፏል!»

አጠገቡ ያለችው ልጅ፣ «እኔም ኮምፒውተር ነው የምማረው። ኮምፓይል ሆኖ የሚወጣው ፋይል የት ይቀመጥ አልከው?» አለችው።

«ፍላሼ ላይ፤ ኢ ድራይቭ።»

«የግቢው ኮምፒውተር ላይ ስትሰካው እኮ የፍላሹ ስም ኤፍ ይሆናል! ኢ የሚባል ፈልጎ አጥቶ ነው።»

«በቃ፣ አለቀልኝ።»

«አብሽር! ኢ የምትለዋን አጥፋና ኮዱ ካለበት ፎልደር ውስጥ አስቀምጥ በለው። የትም ብትሰካው ይሠራልሃል።»

«ይኸው ብቻ?»

«ይኸው ነው። እንድረስ እንጂ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።»

ጠመዝማዛውን የሐረጎ ቁልቁለት ስንወርድ ሁሌ «ሹፌር፣ ኧረ ቀስ በል» የምለው እኔ፣ ያን ቀን ዝም አልኩ።