የማስመሪያ ጠማማ ትልም

ባለቤቴን ሰፈሩ ሁሉ «ማስመሪያ» ይለው ነበር። ከእሱ በዕድሜ በሚበልጠው ቀይ ትራክተሩ ከኮረብታው ጫፍ እስከ ታች አጥሩ ሲወርድ፣ ትልሙ እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ይላል። መንገደኛ ቆሞ ያየዋል። እሱም መታየቱን እያወቀ እንዳላወቀ ሆኖ ያልፋል።

አንድ ጠዋት የእህቱ ልጅ፣ እርሻ የተማረችው፣ የተሳፈረችበት አውቶቡስ ጎማው ተነፈሰና ከማሳችን አጠገብ ቆመ፤ እሷም ወርዳ ወደ እኛ መጣች። ጉሙ ገና አልተነሣም። ትራክተሩ ግማሽ ጎኑ ብቻ ይታያል፤ ባለቤቴ በጨርቅ ይወለውለዋል።

«እንዲህ የሚያሳምሩት ለማን ነው አጎቴ?»

«ለብረት ገዢው። ነገ ይወስደዋል።»

«ሞተሩ አልቆ ነው?»

«ሞተሩ ከእኔ ይሻላል። ያለቀው መሬቱ ነው፤ ላይ ላዩ ድንጋይ ብቻ ሆነ። የአባቴ መሬት አረጀ የእህቴ ልጅ። ላሳርፈው ብዬ ነው።»

ልጅቷ ጉሙ ወደሳሳበት ወደ ታች አየች። «ያ አጥር ድሮም እንዲህ አጭር ነበር?»

«ሰመጠ። እዚያ አፈሩ ለስላሳ ነው።»

እኔም እንደዚያው አምን ነበር። ሙሽራ ሆኜ ስመጣ አጥሩ ደረቴ ላይ ይደርስ ነበር። ዓመት ዓመትን ሲተካ ጉልበቴ ላይ ወረደ። አጥርም እንደ ሰው ሲያረጅ ያጥራል ብዬ ትቼው ነበር።

ልጅቷ ወርዳ ከአንዱ ቋሚ ሥር በእጇ ቆፈረች። ክንዷ እስከ ክርኗ ሲገባ ሽቦ አገኘች። ሽቦው ላይ ሰማያዊ የፕላስቲክ የልብስ መቆንጠጫ ነበረች። ልጃችን በሕፃንነቷ የአሻንጉሊቷን ልብስ የምታሰጣው በዚያ በታችኛው ሽቦ ላይ ነበር።

«አጥሩ አልሰመጠም አጎቴ፤ ማሳው ነው ወደ እሱ የወረደው። አረጀ ያሉት መሬት ይኸው እዚህ ተኝቷል። ቁልቁል ባረሱ ቁጥር ለዝናቡ መንገድ ጠረጉለት፤ እሱም አፈሩን አጥቦ አወረደው።»

«ታዲያ እንደ ሰካራም እየተጠማዘዝኩ ልረስ?»

«ኮረብታውን አግድም ይዙሩት። ውሃው እያንዳንዱ ትልም ላይ ሲደርስ ያርፋል፤ መሬቱም ይጠጣዋል።»

«ትራክተሩ ተገልብጦ ይብላኝ?»

«ገደል ቢሆን እኔው እከለክልዎት ነበር። እዚህ ላይ ኳስ ቢያስቀምጡ አስቦበት ነው የሚንከባለለው።»

ባለቤቴ ሳቁን ዋጠው። ትክክለኛው ምክንያቱ ከዚያ በኋላ መጣ። «ሰውስ? ማስመሪያ ጠመመ ነው የሚሉኝ።»

«ይበሉ። እነሱ አይተው ያልፋሉ፤ እርስዎ ግን የሚበሉት ከዚህ ነው።»

መቆንጠጫዋን ከእጇ ተቀብሎ መዳፉ ላይ አገላበጣት። ከዚያ ኪሱ ከተታትና ሄዶ ሞተሩን አስነሣ።

የመጀመሪያው ትልም ፊደል የሚለማመድ ልጅ ጽሑፍ ይመስል ነበር። ከአውቶቡሱ መስኮት አንዱ «ማስመሪያ ምን ቀምሶ ነው?» አለ። ባለቤቴ ጆሮው ቀላ፤ ግን አልቆመም። ቀዩ ትራክተር እየዞረ ጉሙ ውስጥ ይገባል፣ ድምፁ ብቻ ይቀራል፤ ደግሞ በሌላ በኩል ቀስ ብሎ ይወጣል። በማግስቱ የመጣው ብረት ገዢ ባዶውን ተመለሰ።

በዝናቡ ወራት ግቢያችን ድረስ እየደፈረሰ ይመጣ የነበረው ጎርፍ ቀረ። ትራክተሩ ዳገት መውጣት ስለተወ ነዳጅ ተረፈን። ታች የተከማቸውን አፈር በተሳቢ እየጫንን ወደ ላይ መለስን፤ ድንጋይ ብቻ የነበረው ቦታ ቀስ በቀስ አረንጓዴ ለበሰ። የሳቁት ጎረቤቶችም ኋላ እየመጡ «እስቲ እንዴት እንደምታጠመው አሳየን» ይሉት ነበር።

አሁን እሱ የለም። የእህቱ ልጅ ናት የምታርስልኝ፣ በዚያው ትራክተር። ዝናብ ካባራ በኋላ በመስኮት ሳይ፣ በየትልሙ የተኛው ውሃ ሰማዩን ይዞ ኮረብታውን ይዞረዋል፤ ሞተሩም የሚሰማኝ ከሩቅ፣ ከእሱ ዘመን ይመስለኛል።

ዘንድሮ የታችኛው ሽቦ ብቅ አለ። መቆንጠጫዋን ከኮቱ ኪስ አውጥቼ መልሼ ቦታዋ ላይ አደረግኋት።