በቶሩን ሞተር ሳይክል ፍሬን ላይ ስለተገኘው ዘይት

የምስክሩ ስም፦ አርንፊን ሶልባክ
ዕድሜ፦ 61
ሥራ፦ ዓሣ አጥማጅ
አድራሻ፦ ሄስትቪክ መንደር፣ ምዕራብ ኖርዌይ፣ ከጀልባ ማቆሚያው በላይ ያለው ቢጫ ቤት
ቀንና ሰዓት፦ እ.ኤ.አ. ሜይ 6 ቀን 2019፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡20
ቃሉን የተቀበለችው፦ መርማሪ ሲሊየ ብሮተን

እኔ ከላይ ስሜ የተጠቀሰው ምስክር ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር መጥቼ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። የመጣሁት ጎረቤታችን ጉድሙንድ የእህቴን የቶሩንን ሞተር ሳይክል ፍሬን አበላሽቷል ተብሎ ትናንት ስለተያዘ ነው። እሱና እህቴ በጀልባ ማስቀመጫ ቤት ድንበር የተነሣ ሦስት ዓመት ተኳርፈዋል። አንድ ቀን "ከሞተርሽ ወድቀሽ ባየሁ" ማለቱንም መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ሆኖም ሞተሯን የነካሁት እኔ ነኝ።

ሞተሯ ከሁለት ዓመት በፊት የሞተው የእህቴ ባል የኦድቫር ነበረች። ኦድቫር በሕይወት ሳለ ለማጠብ ማንንም አያስጠጋም ነበር። ኢንጂኑ እስኪቀዘቅዝ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ የጭስ ማውጫውን በጨርቅ ይወትፋል፣ ከዚያ በባልዲና በስፖንጅ ቀስ እያለ ያጥባታል። ሲጨርስም ኢንጂኑን ሳያስነሣ በጓሮው ቁልቁለት እየለቀቀ ፍሬኑን ሦስት ጊዜ ይሞክራል። ያጠበ ሰው ራሱ መሞከር አለበት ይል ነበር። እኔ ደግሞ "ሙሽራ ልትድር ነው እንዴ?" እያልኩ ስቄበታለሁ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ እህቴ ከተማ በሄደችበት ጊዜ ላስደስታት ብዬ ሞተሯን አጠብኩ። በማግስቱ ከክረምቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትነዳት ነበር። በእኛ ሥራ የታጠበ ብረት ዘይት ካልነካው ባሕሩ አይምረውም፤ በማግስቱ ይዝጋል። ስለዚህ ሰንሰለቱንም ብሎኑንም ቀባሁ። ጎማዎቹ ላይ ያሉትን የሚያብረቀርቁ ክብ ብረቶችማ እንዲያምሩ ብዬ ደጋግሜ ቀባኋቸው። ፍሬኑ የሚይዘው እነዚያን ብረቶች መሆኑን አላሰብኩም። የጓሮውን ሙከራም የኦድቫር አመል ነው ብዬ ተውኩት። እህቴ ስትመለስ "ኦድቫር ራሱ ያጠባት ነው የምትመስለው" ብላ አለቀሰች። እኔም ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

እሁድ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ እሷ ከፊት፣ እኔ ዳቦና ቡናማ አይብ ይዤ በመኪና ከኋላ ወጣን። ከበሯ እስከ ተራራው ጫፍ መንገዱ ዳገት ስለሆነ ፍሬን የሚያስነካ ነገር አልነበረም። ቁልቁለቱ እንደጀመረ የኋላ መብራቷ ሲቀላ አየሁ፤ ፍጥነቷ ግን አልቀነሰም። አምስት ጠመዝማዛ አለ፤ ከታች ባሕር ነው።

መርማሪዋ ነገሩን እንዳሳጥር አሳስባኛለች፤ ይህን ግን አላሳጥርም። እህቴ ማርሹን አንድ በአንድ ስታወርድና ኢንጂኑ ሲጮህ ይሰማኛል። ሁለተኛውን አለፈች። ሦስተኛው ላይ አውቶቡስ እየወጣ ነበር፤ በአውቶቡሱና በብረት አጥሩ መካከል፣ እኔ በእግሬ ለማለፍ በምፈራበት ክፍተት፣ ሳትወላወል አለፈች። አርባ ዓመት ባሕር ላይ ኖሬ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። አምስተኛው ላይ መዞር እንደማይሆንላት አውቃ ጉድሙንድ ማሳው ዳር ወደከመረው፣ በነጭ ፕላስቲክ ወደተጠቀለለው የከብት ሣር ሆን ብላ ገባች።

ስደርስ ጉድሙንድ ቀድሞኝ ነበር። ተንበርክኮ ጭንቅላቷን በሁለት እጁ ይዟል። "አትነሺ፣ እንዳለሽ ሁኚ" ይላታል። እሷም "ሣርህን አበላሸሁብህ" አለችው። "ሣሩ ገደል ይግባ" አላት። በሦስት ዓመት ውስጥ ሲነጋገሩ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ይህን በዓይኔ አይቼ እንኳ፣ ፖሊሶች ሲመጡ "ጉድሙንድን ጠይቁት" ያልኩት እኔ ነኝ።

ዛሬ ጠዋት 1፡30 ላይ ሆስፒታል ሄድኩ። የትከሻዋ አጥንት ተሰብሯል።
"አርንፊን፣ ሞተሯን ምን ቀባሃት?" አለችኝ።
"ዘይት።"
"የቱ ላይ?"
"ብረት በሆነው ሁሉ ላይ።"
"አንተ ሰውዬ፣ ጀልባ መሰለችህ?" አለችና "ጉድሙንድስ?" ብላ ጠየቀችኝ።
መያዙን ነገርኳት።
"ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ? ሂድ አስፈታው። ከዚያ ሞተሯን እንደገና ታጥባታለህ፤ እኔ ወንበር ላይ ሆኜ አይሃለሁ። በቁልቁለቱ የምትሞክራትም አንተ ነህ።"
እሺ ብያታለሁ።

የተረፈውን የዘይት ቆርቆሮና የቀባሁበትን ጨርቅ አስረክቤያለሁ። ጉድሙንድን በመኪናዬ ወደ ቤቱ እንዳደርሰው ጠይቄ፣ "በእግሬ እሄዳለሁ" ማለቱን መርማሪዋ ነግራኛለች። ከላይ የሰፈረው ተነቦልኛል፤ የእኔው ቃል ነው፣ ሐሰት የለበትም፤ ለሚመጣብኝም እኔው ኃላፊ ነኝ።

የምስክሩ ፊርማ፦ አርንፊን ሶልባክ
የመርማሪዋ ፊርማ፦ ሲሊየ ብሮተን

የመርማሪ ማስታወሻ፦ ጉድሙንድ ከጠዋቱ 4፡45 ላይ ተለቋል። ምስክሩ የመኪናውን ቁልፍ እኔ ዘንድ ትቶ፣ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትሩን መንገድ ከጉድሙንድ ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርቶ በእግሩ ተከትሎታል።