ሬዲዮኑ የጮኸ ምሽት

(ረፋድ ላይ፣ በአሮጊቷ በእትዬ ደብሪቱ ግቢ። ባሏ ግዛው እጇን የሰበራት ጎረቤቷ እናኑ ጓዳ ተኝታለች፤ የሰፈሩ ሽማግሌ አቶ ገድሉ ሊያስታርቋት መጥተው ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል።)

ደብሪቱ፦ ለእናኑ ልመሰክር ጣቢያ ስሄድ ፖሊሱም እንደ እርስዎ ነው ያደረገኝ። «እማማ፣ ዓይንዎ በደንብ ያያል?» አለኝና መልሴን ሳይሰማ ፊቱን አዞረ። እርስዎ ደግሞ ግቢዬ ገብተው እኔን ትተው ከጓዳው በር ጋር ያወራሉ።

ገድሉ፦ ኧረ አልናቅሁዎትም፣ እትዬ ደብሪቱ። እናኑን ጥሩልኝ ነው ያልሁት።

ደብሪቱ፦ ተኝታለች። ይልቅ ይቀመጡ።

ገድሉ፦ ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ሳይሞላለት አይቀመጥም፤ ወጉን ያውቁታል። እሺ እስክትሉኝ እዚሁ እቆማለሁ።

ደብሪቱ፦ እንግዲያው ይቁሙ። ፀሐዩ ገና አልበረታም።

ገድሉ፦ ግዛው ተጸጽቷል። ዛሬ ጠዋት እግሬ ላይ ወድቆ አለቀሰ።

ደብሪቱ፦ እግርዎን ነው የሰበረው?

ገድሉ፦ ምን ማለትዎ ነው?

ደብሪቱ፦ የተሰበረው የእሷ እጅ ነው። ለቅሶው ወደ እርስዎ እግር ለምን ሄደ ብዬ ነው።

ገድሉ፦ ቀልዱን ይተዉት። ትዳር ነው፤ ግጭት አይጠፋም። ከዚህ በኋላ እጁን ቢያነሳባት ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ።

ደብሪቱ፦ ለፋሲካ ጥርሷን ያወለቀ ጊዜም ይህንኑ ብለው ነበር። ምኑን ወሰዱት?

ገድሉ፦ ታዲያ ምን ላድርግ? የክርስትና ልጄ ነው።

ደብሪቱ፦ እሷ ወደዚያ ቤት አልመለስም፣ እከሳለሁ ብላለች። ፖሊሱ ደግሞ የሰማ ሰው አምጪ አላት።

ገድሉ፦ እኔ ምን ሰማሁና?

ደብሪቱ፦ እኔ ጋ ከመምጣቷ በፊት የማንን በር ነበር የደበደበችው?

ገድሉ፦ የእኔን አልነካችም።

ደብሪቱ፦ ደብድባለች። እርስዎ ሬዲዮኑን ከፍ አደረጉት።

ገድሉ፦ ዜና እያዳመጥሁ ነበር።

ደብሪቱ፦ የደከመው ዓይኔ ነው፤ ጆሮዬ ደህና ነው። ፖሊሱም ስለ ጆሮዬ አልጠየቀኝም። ግድግዳችን አንድ ነው፤ ዜናው መጀመሪያ ዝግ ብሎ ነበር። «ጋሽ ገድሉ፣ ይድረሱልኝ» ስትል ጮኸ። እሷ ዝም ስትል መልሶ ዝግ አለ።

ገድሉ፦ ቀስ ይበሉ፤ ትሰማለች።

ደብሪቱ፦ እሷማ ያን ዕለት ሰምታለች።

ገድሉ፦ ገብቼስ ምን ላደርግ ኖሯል? እሱ ሰክሯል፤ እኔ አቅም የለኝ።

ደብሪቱ፦ ያን ምሽት ፈሩ እንበል። አሁን ግን ጠዋት ነው፣ እሱም አልሰከረም። ጣቢያ ሲገቡ ፖሊሱ ከወንበሩ ይነሣልዎታል፤ እኔን እንዳደረገኝ አያደርግዎትም።

ገድሉ፦ በክርስትና ልጄ ላይ ልመስክር? ሰፈሩ ምን ይለኛል? ከእንግዲህስ ለሽምግልና ማን ይልከኛል?

ደብሪቱ፦ ሴት ልጅ የዳረ ሁሉ ይልክዎታል።

ገድሉ፦ እስቲ ያንን በርጩማ ያቀብሉኝ፣ ትንሽ ልረፍ።

ደብሪቱ፦ አላቀብልም። ጉዳይ ሳይሞላ አይቀመጥም ያሉት እርስዎ ነዎት። እኔም በዚህ በታመመ ጉልበቴ ይኸው ቆሜያለሁ፤ ዛሬ ለማኟ እኔ ነኝ።

ገድሉ፦ እትዬ ደብሪቱ…

ደብሪቱ፦ እናኑ፣ ነጠላሽን ደርበሽ ነይ። እርስዎም ከዘራዎን ያንሱና ጣቢያ ድረስ ፊት ፊት ይሂዱልን። ያን ምሽት የሰሙትን ሁሉ፣ ሬዲዮኑንም ጭምር፣ እኔ ግቢ ለእሱ እንደቆሙለት እዚያም ለእሷ ቆመው ይንገሩልኝ።